ኮምፒውተራችሁ ዋይፋይ አላይ ሲል፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት በቅደም ተከተል የምትሠሩት

ስልካችሁ ዋይፋዩን ያነባል፣ የመጣ እንግዳም ያለ ችግር ይገናኛል፤ ኮምፒውተራችሁ ግን የኔትወርኩን ስም ጭራሽ አያሳይም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ የራውተሩን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ይጫናል፣ ወይ ላፕቶፑን ይዞ ፎርማት ሊያስደርግ ይሄዳል። የመጀመሪያው የቤቱን ሁሉ ኢንተርኔት ሊያቋርጥ ይችላል። ሁለተኛው ፋይል ያስጠፋል፤ ችግሩንም ሊያባብሰው ይችላል፣ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ የዋይፋይ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን የሚያሠራበት ፕሮግራም) ሳይኖረው ሊነሳ ይችላልና።

መመሪያው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላለው ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ነው። የሚመለከተውም የኔትወርኩ ስም ጨርሶ የማይታይበትን ሁኔታ ብቻ ነው። ስሙ እየታየ የይለፍ ቃል አልቀበል ካለ፣ ወይም ተገናኝቶ ኢንተርኔት ከሌለ፣ ችግሩ ሌላ ስለሆነ እነዚህ ደረጃዎች አይፈቱትም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ፦

- ዋይፋይ የሚሠራበት ስልክ
- ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፋይል የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ገመድ (ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች አሉ፤ እነሱ ደረጃ 6 ላይ አይሠሩም)
- የላፕቶፑ ቻርጀር
- ወረቀትና እስክሪብቶ

እነዚህን ደግሞ አታድርጉ፦

- የራውተሩን ሪሴት አትጫኑ። በቤት መስመር፣ በተለይ በስልክ ሽቦ በሚመጣው ኤዲኤስኤል፣ ራውተሩ ውስጥ የመስመሩ መለያ ስምና የይለፍ ቃል ተሞልቶ ይቀመጣል። ሪሴት ይህን ያጠፋዋል። መረጃው እጃችሁ ላይ ከሌለ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 መደወል ሊኖርባችሁ ነው።
- አዲሱን ሳትይዙ የቆየውን ድራይቨር አታጥፉ።
- «የጎደለ ድራይቨር እናገኛለን» የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞችን አትጫኑ። ብዙዎቹ ሌላ የማትፈልጉትን ነገር ይዘው ይገባሉ።

## ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያሳያችሁ ለዩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህንን ደረጃ ነው። «ዋይፋይ አይሠራም» በሚለው ቃል ውስጥ አራት የተለያዩ ብልሽቶች አሉ፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሆንም።

በስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የኔትወርክ ምልክት ተጫኑ። ዊንዶውስ 10 ላይ ዝርዝሩ ወዲያው ይመጣል። ዊንዶውስ 11 ላይ «ዋይፋይ» ከሚለው ሳጥን ጎን ያለችውን ቀስት ተጫኑ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁና ከአራቱ የትኛውን እንዳያችሁ ጻፉ፦

ሀ. የጎረቤት ኔትወርኮች ይታያሉ፣ የናንተ ብቻ የለም። የዋይፋይ ካርዱ (ኮምፒውተሩ ዋይፋይ የሚቀበልበት ዕቃ) ይሠራል ማለት ነው። ደረጃ 2ን ሠርታችሁ በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 እለፉ።

ለ. «ዋይፋይ» የሚለው ሳጥን አለ፤ ግን ጠፍቷል ወይም አልበራም ይላል። ደረጃ 3 የናንተ ነው።

ሐ. ዋይፋይ በርቷል፤ ዝርዝሩ ግን ባዶ ነው። ከደረጃ 2 ጀምሩና በተራ ሂዱ።

መ. «ዋይፋይ» የሚል ነገር ጭራሽ የለም። ከደረጃ 3 ጀምሩ።

አካባቢያችሁ ሌላ ኔትወርክ ከሌለ ሀ እና ሐ ይምታቱባችኋል። በስልካችሁ ሆትስፖት ክፈቱና ኮምፒውተሩ እሱን ያይ እንደሆነ ሞክሩ። ካየው ሀ ናችሁ። አንድሮይድ ከሆነ የሆትስፖቱን ባንድ (የሚያስተላልፍበትን የሞገድ ክልል) 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉት። አይፎን 12 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ከሆነ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን አብሩ፤ ካልበራ ሆትስፖቱ በ5 ጊጋኸርዝ ይወጣና የቆየ ላፕቶፕ አያየውም። አይፎኑ የሆትስፖቱ ገጽ ላይ እንዳለ ይቆይ።

ዴስክቶፕ ላይ መ ያያችሁ ሰዎች ሌላ ከመሞከራችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ጀርባ ተመልከቱ። አንቴና የሚታሰርባቸው ወርቃማ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ መግቢያዎች ከሌሉ፣ የዩኤስቢ ዋይፋይም ካልተሰካ፣ ማሽኑ ከመጀመሪያውም ዋይፋይ የለውም ማለት ይቻላል። ብዙ የቢሮ ዴስክቶፖች እንደዚህ ናቸው። በቀጥታ ደረጃ 8 ላይ ስለ ዩኤስቢ ዋይፋይ ያለውን አንብቡ። መግቢያዎቹ ኖረው አንቴናው ካልታሰረ ግን እሰሩት፤ ያለ አንቴና ካርዱ አጠገቡ ያለውን እንኳ ላያይ ይችላል።

## ደረጃ 2፦ ራውተሩን በእርግጠኝነት ከጥርጣሬ አውጡት

1. ራውተሩ ላይ «ደብሊው ላን» ወይም «ዋይፋይ» የሚለውን መብራት ተመልከቱ። ከጠፋ ከጎኑ ወይም ከጀርባው የዋይፋይ ማብሪያ ቁልፍ ፈልጉ፤ አቧራ ሲጠረግ ሳይታወቅ የሚነካ ቁልፍ ነው።
2. ኔትወርኩን ስልካችሁ አሁን እያየው መሆኑን አረጋግጡ። ትናንት ማየቱ አይበቃም።
3. የራውተሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ንቀሉ፣ 30 ሰከንድ ቆዩ፣ ሰኩ። መብራቶቹ እስኪረጋጉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ።
4. ላፕቶፑን ራውተሩ ካለበት ክፍል አስገቡና በሁለት ሜትር ርቀት ሞክሩ።

እዚያ ታይቶ ክፍላችሁ ስትመለሱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ስልካችሁ ግን ከዚያው ክፍል በደንብ የሚያነብ ከሆነ፣ የላፕቶፑ አንቴና ተጠርጣሪ ነው። ደረጃ 8። ስልኩም ከክፍሉ የሚያነብ ካልሆነ የሲግናል መድከም ነው፤ ራውተሩን ወደ ቤቱ መሀል፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አኑሩት።

## ደረጃ 3፦ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ

1. «ኤርፕሌን ሞድ» በርቶ ከሆነ አጥፉ።
2. ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች ላይ የአንቴና ወይም የአውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ፈልጉ። «ኤፍኤን» የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ተጫኑት፣ አምስት ሰከንድ ጠብቁ፣ ዝርዝሩን ተመልከቱ። ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ አንዱ ሲያበራ ቀጣዩ ያጠፋል።
3. የቆየ ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ በጎኑና በፊት ጠርዙ በኩል የምትንሸራተት ትንሽ ማብሪያ ፈልጉ። ጠፍታ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ የምታደርጉት ምንም ነገር ዋይፋዩን አያበራም።
4. የኔትወርክ ገመድ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ አንዳንድ ኤችፒና ዴል ላፕቶፖች ገመድ ሲሰካ ዋይፋዩን ራሳቸው የሚያጠፉበት ቅንብር አላቸው። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛችሁ ይህን አትለፉ።

አሁንም ዋይፋዩ እምቢ ካለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉና ስክሪኑ እንደበራ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ደጋግማችሁ ተጫኑ። «ዋየርለስ» ወይም «ደብሊው ላን» የሚለውን «ኢኔብልድ» አድርጉ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ሌላ ምንም አትንኩ፤ በተለይ ስለ ቡት እና ስለ ሴኪዩሪቲ የሚያወራውን ክፍል። የነካችሁት ነገር ካሳሰባችሁ ሴቭ ሳታደርጉ ውጡ።

## ደረጃ 4፦ ኮምፒውተሩን በእውነት አጥፉ

ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። «ፋስት ስታርታፕ» የሚባለው አሠራር ቶሎ ለመነሳት ሲል የሥርዓቱን ሁኔታ አስቀምጦ ይተኛል፤ የተደናገረ የዋይፋይ ካርድ ከነመደናገሩ ተመልሶ የሚነሳው በዚህ ነው። «አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያላጠፉት ለዚህ ነው።

1. የተከፈቱ ሥራዎችን ሴቭ አድርጉ።
2. የ«ሺፍት» ቁልፍን ይዛችሁ «ሻት ዳውን» ተጫኑ። ይህ ሙሉ ማጥፋት ነው።
3. ቻርጀሩን፣ ማውሱንና በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ውስጥ የታሰረ ከሆነ ተዉት።
4. የማብሪያ ቁልፉን 30 ሰከንድ ሙሉ ይዛችሁ ቆዩ። መሀል ላይ ሊበራ ቢል አትልቀቁ፣ ተመልሶ ይጠፋል።
5. ባትሪውንና ቻርጀሩን መልሳችሁ አብሩ።

ዴስክቶፕ ከሆነ ከጀርባ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላችሁ እንደዚሁ አድርጉ። በመ ምድብ ያሉ ላፕቶፖች፣ በተለይ ትናንት ሠርቶ ዛሬ ድንገት የጠፋባቸው፣ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይድናሉ።

## ደረጃ 5፦ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱን ፈልጉ

የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርጉና «ዲቫይስ ማኔጀር» ምረጡ። «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ክፈቱ። እዚህ ላይ ሰው በስም ይሳሳታል። የምትፈልጉት «ዋየርለስ»፣ «ዋይፋይ» ወይም 802.11 የሚል ያለበትን መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜ ኢንቴል፣ ሪያልቴክ፣ ኳልኮም አቴሮስ፣ ብሮድኮም ወይም ሚዲያቴክ ብሎ ይጀምራል። «ብሉቱዝ» የሚለው እሱ አይደለም። «ጂቢኢ» ወይም «ኢተርኔት» የሚለው የገመዱ ነው። «ዋን ሚኒፖርት» የሚሉት ደግሞ የዊንዶውስ የራሱ ናቸው፤ አትንኳቸው።

ከዚያ ያያችሁትን ከዚህ ጋር አስተያዩ፦

- ምልክቱ ላይ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለ። ካርዱ እንዲቆም ተደርጓል። ራይት ክሊክ፣ «ኢኔብል ዲቫይስ»። አለቀ።
- ቢጫ ሦስት ማዕዘን አለ። ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጉና «ዲቫይስ ስታተስ» ከሚለው ሥር ያለውን ኮድ ጻፉ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፣ ወደ ደረጃ 6። ኮድ 10 ወይም 43 ካርዱ መነሳት አቅቶታል ማለት ነው፤ ደረጃ 4ን አንድ ጊዜ ድገሙና ከዚያ ወደ ደረጃ 6።
- በስሙ የለም፤ ግን «አዘር ዲቫይስስ» ከሚለው ሥር «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚል ከነቢጫ ምልክቱ አለ። ካርዱ አለ፣ ድራይቨሩ የለም። ደረጃ 6። ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ይህ ነው።
- የትም የለም። «አክሽን» ከሚለው «ስካን ፎር ሃርድዌር ቼንጅስ» ተጫኑ። አሁንም ከሌለ ደረጃ 8።

ካርዱ ያለ ምንም ምልክት ጤነኛ መስሎ ተቀምጦ ዝርዝሩ ግን ባዶ ከሆነ፣ ኔትወርኮችን ፈልጎ የሚያሳየው የዊንዶውስ አገልግሎት ቆሞ ሊሆን ይችላል። ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ክፈቱ። ወደ ታች ወርዳችሁ «ደብሊው ላን አውቶኮንፊግ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጉ። «ስታርታፕ ታይፕ» «አውቶማቲክ» ይሁን፣ «ስታርት» ተጫኑ፣ «ኦኬ» በሉ።

## ደረጃ 6፦ ድራይቨሩን አስተካክሉ

መጀመሪያ ኢንተርኔት የማይፈልጉትን ሁለቱን ሞክሩ። ካርዱን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጉና «ድራይቨር» የሚለውን ገጽ ክፈቱ።

1. «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ከበራ ተጫኑት። ችግሩ ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ የጀመረ ከሆነ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ደብዝዞ አልጫን ካለ የሚመለስበት የቀድሞ ድራይቨር የለም፣ እለፉት።
2. «አፕዴት ድራይቨር» ተጫኑ፤ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር»፣ ቀጥሎም «ሌት ሚ ፒክ» የሚለውን ምረጡ። ከአንድ በላይ ድራይቨር ከተዘረዘረ አሁን ካልተመረጠው አንዱን ሞክሩ።

ካልሆነ አዲስ ድራይቨር ያስፈልጋችኋል። ኢንተርኔቱን ከስልካችሁ በገመድ ውሰዱ፦

1. አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙ።
2. ስልኩ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖትና ቴተሪንግ የሚለውን ክፈቱና «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» አብሩ። ገመዱ ካልተሰካ ደብዝዞ ነው የሚታየው። ተሰክቶም ከደበዘዘ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሊሆን ይችላል፣ ቀይሩት።
3. ስልኩ በቤቱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ በአብዛኞቹ ስልኮች ያንኑ ዋይፋይ ይጠቀማል፤ የሞባይል ፓኬጃችሁ አይነካም።
4. በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን ምንም ከማውረዳችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ሴቲንግ፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ኢተርኔት» ገብታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ይህን ከዘለላችሁት ዊንዶውስ አፕዴቱን ማውረድ ይጀምርና ድራይቨሩን ሳታገኙ ፓኬጁ ሊያልቅ ይችላል።

ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ አውርዱ። ዴል ከሆነ ከሥሩ የተለጠፈውን «ሰርቪስ ታግ»፣ ሌሎቹ ከሆኑ ሲሪያል ቁጥሩን አስገቡና «ኔትወርክ» ከሚለው ክፍል የዋይፋዩን ምረጡ።

ጽሑፉ ከለቀቀ ወይም የተገጣጠመ ዴስክቶፕ ከሆነ ካርዱን ራሱን ጠይቁት። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱን ወይም «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጉ፣ «ዲቴይልስ» ውስጥ «ሃርድዌር አይዲስ» ምረጡ። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች የካርዱን ሠሪ ይነግሯችኋል፦ 8086 ኢንቴል፣ 10ኢሲ ሪያልቴክ፣ 168ሲ ኳልኮም አቴሮስ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ። መስመሩን ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ ብትፈልጉት ትክክለኛውን ሞዴል ታገኛላችሁ።

የወረደውን ጭናችሁ ሪስታርት አድርጉ። ፋይሉን አትሰርዙት፤ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት።

አሁንም ካልሆነ የመጨረሻው የሶፍትዌር ሙከራ «ኔትወርክ ሪሴት» ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ውስጥ «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ሥር፣ ዊንዶውስ 10 ላይ «ስታተስ» ገጽ ግርጌ ታገኙታላችሁ። ይህ የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችንና ያስገባችሁትን ቪፒኤን ያጠፋል፤ የይለፍ ቃላችሁን አስቀድማችሁ ጻፉ።

## ደረጃ 7፦ የናንተ ኔትወርክ ብቻ የማይታይ ከሆነ

እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ ራውተሩ የሚያወራበትን መንገድ አይሰማም ማለት ነው። ከስልካችሁ በዋይፋዩ ላይ ሆናችሁ የራውተሩን ገጽ ክፈቱ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ መግቢያ ስሙም ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል። የዋይፋይ ወይም የ«ደብሊው ላን» ክፍልን ብቻ ንኩ፤ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» የሚለው የመስመሩ ነው። ከመቀየራችሁ በፊት የነበረውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ቻናሉ። ቻናል ማለት በባንዱ ውስጥ ራውተሩ የሚያስተላልፍበት ክፍልፋይ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በብዙ አገር ከ1 እስከ 13 ያሉ ቻናሎች ይሠራሉ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ግን ከ1 እስከ 11 ያሉትን ብቻ ያዳምጣሉ። ራውተሩ «አውቶ» ላይ ሆኖ 12 ወይም 13 ከመረጠ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ላፕቶፕ ኔትወርኩን ጨርሶ አያየውም፤ ራውተሩ ቻናል ሲቀይር ደግሞ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። «አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል» የሚባለው ምሥጢር ይህ ሊሆን ይችላል። ቻናሉን ከ«አውቶ» አውጡና 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት።

ባንዱ። ላፕቶፑ 2.4 ብቻ የሚያነብ ካርድ ካለው የ5 ጊጋኸርዝ ኔትወርክ ለእሱ የለም። ራውተሩ ላይ 2.4 መብራቱን አረጋግጡ፤ ለሁለቱ ባንዶች የተለያየ ስም ስጡ።

ስም መደበቅ። «ሃይድ ኤስኤስአይዲ» ምልክት ተደርጎበት ከሆነ አንሱት። ስልካችሁ የሚገናኘው ስሙን ከድሮ ስለሚያውቀው ሊሆን ይችላል።

ዋይፋይ 6። ራውተሩ አዲስ ሆኖ ላፕቶፑ የቆየ የኢንቴል ካርድ ካለው፣ የቆየው ድራይቨር የዋይፋይ 6 ኔትወርክን ከዝርዝሩ ሊያስቀረው ይችላል። ድራይቨሩን ማደስ ይፈታዋል። እስከዚያው ራውተሩ ላይ 802.11ኤኤክስ (የዋይፋይ 6 ሌላ ስሙ) የሚለውን አጥፉ።

አንዱን ቀይሩ፣ ሴቭ አድርጉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ኮምፒውተሩን ተመልከቱ። ሁሉን ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደፈታው አታውቁም። ከቀየራችሁ በኋላ ስልኩም ካጣው ፎቶውን አይታችሁ መልሱት፤ በዋይፋይ መግባት ካልቻላችሁ ኮምፒውተሩን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙና ከዚያ ግቡ።

## ደረጃ 8፦ ዕቃው ራሱ ከሆነ

ካርዱ የትም የማይታይ ወይም ራውተሩ አጠገብ ብቻ የሚያነብ ላፕቶፕ መከፈት ሊኖርበት ይችላል። የአንቴናዎቹ ሽቦዎች ብዙ ጊዜ በስክሪኑ ማጠፊያ በኩል አልፈው ወደ ካርዱ ይመጣሉ፤ ስክሪን ወይም ማጠፊያ ከተሠራ በኋላ የጀመረ ችግር ከሆነ ሽቦው ተነቅሎ ወይም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ለጠጋኙ ይህንኑ ንገሩት፤ ከደረጃ 5 የጻፋችሁትንም ኮድ አሳዩት። ካርድ ይቀየር ካለ በሞዴሉ የሚቀበለው መሆኑን አስቀድሞ ያጣራ፤ አንዳንድ የቆዩ ኤችፒና ሌኖቮ ላፕቶፖች ከተፈቀደላቸው ካርድ ውጪ ሌላ ሲገባ አይነሱም።

ላፕቶፑን ማስከፈት ካልፈለጋችሁ የዩኤስቢ ዋይፋይ ግዙ። ሁለቱንም ባንድ የሚያነብ ይሁን፤ ራውተሩ ሩቅ ከሆነ የጥፍር የምታክለዋን ትታችሁ አንቴና ያለውን ምረጡ። ዴስክቶፕ ላይ ከጀርባ ሰኩት፣ ብረቱ ሲግናሉን ከጋረደው በዩኤስቢ ማራዘሚያ አውጡት። አንዳንዶቹ ሲሰኩ መጀመሪያ እንደ ሲዲ ይታያሉ፤ «ዲስ ፒሲ» ውስጥ ግቡና ያንን ክፈቱ፣ ድራይቨሩ እዚያው ነው። ተጭኖ ሲያልቅ ሲዲው ይጠፋና ዋይፋዩ ብቅ ይላል። ካላለ ነቅላችሁ ሌላ የዩኤስቢ መግቢያ ላይ ሰኩት። ሁለት ዋይፋይ እንዳይምታታ የተበላሸውን የውስጥ ካርድ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ዲስኤብል» አድርጉት።